ስም ያላወጣንለት ቁልቁለት

እጄ ማርሽ ሊቀንስ ሄዶ ማርሽ አጣ።

በቀደም ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ የገዛትን መኪና «እስቲ ሞክሪያት» ብሎ መሪዋን ለቆልኝ ከአሰላ ወደ አዳማ እየወረድን ነበር። ኢተያን አለፍን። መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምርና ከታች ያለው ሜዳ በአቧራ ግራጫ ሆኖ ሲታየኝ፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ማርሹ ሄደ። መኪናዋ ግን ኦቶማቲክ ናት። የጨበጥኩት ጥቂት የፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት፣ ይህ ነው የሚባል ሥራ የሌለው አጭር ዘንግ ነው። ግራ እግሬም የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ።

ወንድሜ አይቶኝ ሳቀ። «ተያት፣ ራሷ ታውቃለች» አለኝ።

ይህን ቃል ከዚሁ ከወንድሜ አፍ ሌላ ጊዜም ሰምቼዋለሁ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ገና አልበቀሉለትም። እንዲሁ ስቆ «ተያት፣ ራሷ ታውቃለች» ሲለኝ በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በቀደም ግን አልተቆጣሁም። የጎማ ሙጫ ሁሉ የሸተተኝ መሰለኝ።

የሰፈራችን ጌም ቤት ከጎሚስታ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ግድግዳ ስል ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ከወዲያ ጎማ ሲነፋ ከወዲህ ቴሌቪዥኑ ይንቀጠቀጣል፤ የሙጫው ሽታ በስንጥቁ ሾልኮ ገብቶ ከልጆቹ ላብ ጋር ይደባለቃል። አዳማን የሚያውቅ ሰው ሙቀቷንና ነፋሷን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሳ በሩ ላይ የተንጠለጠለው የጆንያ መጋረጃ ይነፋል፤ ወለሉ ላይ ውሃ ካልተረጨ የቴሌቪዥኑ መስታወት ቡናማ ይሆናል። በጣሪያው የምስማር ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ ደግሞ ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ብርሃን ትበትን ነበር። እነዚያ ብርሃኖች ከመሀል ተነስተው የኋላው አግዳሚ ሥር ሲደርሱ፣ እናቴ የምትጣራበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ሰዓት አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር። ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በታች አይታዘዝላቸውም። የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፈው፣ እጃቸውን እንደ ተኛ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በር ላይ ይቀመጣሉ። እንዴት እንደሆነ አያወሩም። የነገረን ጎሚስታው ነው። እህል ጭነው ከአሰላ ሲወርዱ፣ ከዴራ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። መኪና ሲያልፍ ግን ሳያዩ በድምፁ ብቻ «ይሄ ልጅ በሦስተኛ መውጣት ሲገባው በአራተኛ ያስለቅሳታል» ይላሉ። ብቅ ብለን ስናይ እውነትም መኪናዋ ዳገቱ ላይ እያቃሰተች ነው።

ጌም ቤት ማለት እንግዲህ የኳስ ቤት ነው። ወንዶቹ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ካሚዮን የመጣችው በስህተት ነው። ጋሼ የኳስ ዲስክ ሲያስመጡ ነጋዴው አንዲት በወረቀት ፖስታ ያለች፣ ምንም ያልተጻፈባት ዲስክ አብሮ ላከ። ከፍተው ሲያዩዋት የጭነት መኪና መንዳት ናት። ጽሑፏ ጃፓንኛ ይሁን ቻይንኛ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስሟንም ማንበብ ስላልቻልን ካሚዮን አልናት።

የማትገፋ ጌም ነበረች። መኪናዋን ከወደብ አስነስተሽ ተራራ አሻግረሽ ታደርሺያለሽ፤ በቃ ይኸው ነው። ግን ማርሽ አለ፣ ፍሪሲዮን አለ፣ የፍሬን ሙቀት አለ፣ ጭነቱ ካዘነበለ ትገለበጫለሽ። ከመነሳትሽ በፊት አንዲት ቁልፍ ተጭነሽ መኪናዋን ዞረሽ ጎማዎቿን ካላየሽ በረሃው መሀል አንዱ ይፈነዳል። ግራ አውራ ጣት መሪውን ሲይዝ ቀኝ እጅ አምስት ነገር ይሠራል። ወንዶቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሯት፤ ከወደቡ ሳይወጡ ተገለበጡ፤ ሰድበዋት ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

እኔ ጌም ቤት የገባሁት ወንድሜን ልጠራ ነው። እናቴ «ሂጂ ጎትተሽ አምጪልኝ» ብላ ላከችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ወንድሜ የኳሱ ተራ አልደርሰው ብሎ የተተወችውን ካሚዮን ይዟል፤ ገልብጧት ያለቅሳል። ዝም ላሰኘው ብዬ ጆይስቲኩን ተቀበልኩት። ዳገት ላይ ነበርኩ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላዬ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ «ማርሽ ቀንሺ፣ ልጄ» አለኝ። ቀነስኩ። መኪናዋ ያዘች። «አሁን አታስጨንቂያት። ጊዜ ስጫት።» ሰጠኋት። ዳገቱን ወጣን።

ወንድሜን ይዤ ስወጣ ጋሼ ከበሩ ላይ «ነገም ነይ» አሉኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከቤተሰቤ ውጭ የሆነ ሰው ነገም ነይ ብሎኝ አያውቅም።

እንዲህ ሆነን ነዳን፤ አንድ ዓመት ያህል። እኔ ወንበሩ ላይ፣ ጋሼ ከወንበሩ ጀርባ ቆመው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አደርጋለሁ። ሳያውቁት ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጥ ነበር፤ ፍሬን መያዛቸው ነው። ማታ ስንወጣ እርጥቡ መሬት ላይ ከወንበሩ ጀርባ የጫማቸው ተረከዝ ጉድጓድ ሠርቶ ይታያል። መነሻ ላይ ጎማዎቹን ሳንዞር ሄደን አናውቅም። እሳቸው «ቢስሚላሂ» ሲሉ እኔ ከልማድ አማትባለሁ፤ ወንዶቹ በሁለታችን ይስቃሉ። «ሁለት መንጃ ፈቃድ ያለው መኪና የት ይቆማል» ብለው ጋሼ ይመልሱላቸዋል። አንዴ ቸኩዬ ሳልዞር ተነሳሁና በረሃው መሀል ጎማው ሲፈነዳ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ከወደቡ እንደገና አስጀመሩኝ።

ጽሑፉን ስለማናነብ ለየቦታው ስም አወጣንለት። ወደቡ ጅቡቲ ነው። ነጩ ሜዳ መተሐራ። በቦይ የተከፋፈለ አረንጓዴ እርሻ ያለበትን ስፍራ፣ የሽንኩርት መደብ ስለሚመስል ዓለም ጤና አልነው፤ እዚያ ስንደርስ ጋሼ ሁልጊዜ «ቀስ በይ፣ በዚህ በኩል ጋሪ ይበዛል» ይሉኛል። በጌሙ ውስጥ አንድም ጋሪ የለም። እኔ ግን ቀስ እላለሁ። ቢጫ የእህል ማሳ ያለበት ዳገት ሁሩታ ሆነ። ከዚያ በላይ የመጨረሻው ቁልቁለት አለ። እሱን ሳንሰይመው ቀረን። ወንድሜ «ጋሼ፣ የዚህስ ስሙ ማነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ስንወርደው እናወጣለታለን» አሉት።

አንድም ቀን አልወረድነውም። ስንት ጊዜ እንደሞከርን ፈጣሪ ይወቀው። ሁልጊዜ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፍሬኑ ምልክት ይቀላል፣ መኪናዋ ትሮጥብናለች፣ እንገለበጣለን። ጋሼ ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይቆማል። «ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርጂው። ፍሬን ለጭንቅ ቀን ነው» ይሉኛል። እኔ እፈራለሁ፤ ስፈራ ፍሬን እይዛለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎሚስታ ድምፃችንን ሰምቶ «ጃባዱ!» ይለኛል በኦሮምኛ፤ በርቺ ማለቱ ነው። ጋሼ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «አብሽሪ፣ ነገም ቀን ነው» ብለው ግራ እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፋሉ። ምን እንደሚፈልጉ ገብቶኝ ነበር። ያን ቁልቁለት አንድ ቀን በደህና መውረድ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን የማወርደው እኔ እንድሆን እፈልግ ነበር፤ ከትምህርቱም ከምኑም በላይ።

ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች የሚል አልጠፋም። አንዱ ጎረምሳ ፊት ለፊት ሲናገረኝ ጋሼ ከበሩ ላይ ዞር ሳይሉ «እጄ ናት» አሉት። «ሰው እጁን ደጅ አያሳድርም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «እጄ» ሆኖ ቀረ። ከገባሁ ወንዶቹ ወንበር ይለቁልኛል። ያለሁት በዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻ ቢሆንም፣ እኔ የሆንኩ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ሁለተኛዋ መጣች።

ካሚዮን ሁለት በጠንካራ ፕላስቲክ ቤት፣ ሽፋኗ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀይ መኪና ተስሎባት መጣች። እኔ ያልጠበቅሁት ነገር የለም፤ ተጨማሪ ማርሽ፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጎማ መቀየር። እጄን አፍተልትዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጎማ የምዞርበትን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ምንም የለም። ማርሽ ፈለግሁ፤ የለም። ፍሬኑ አይሞቅም። መንገዱ ላይ ትልቅ ቢጫ ቀስት ተጋድሞ ወዴት እንደምሄድ ያሳየኛል። ሆን ብዬ ገደል ከተትኳት፤ ብልጭ አለና መኪናዋ ሳትቧጨር መንገዱ መሀል ተመልሳ ቆመች። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አሞገሰችኝ። ገደል ስለገባሁ!

ወንድሜ ጆይስቲኩን ነጠቀኝ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥርስ በሌለው አፉ ሙዝ እየበላ፣ ከወደቡ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ደረሰ። እኔ ከኋላው ሆኜ «ማርሽ! ማርሽ!» ስለው ነው እንግዲህ ያን ቃል ያለኝ። ተያት፣ ራሷ ታውቃለች።

ሰፈሩ ጌም ቤት ገባ። ትናንሽ ልጆች መጡ። ለአንድ ቀን እግራቸው ያልረገጠው የክፍሌ ሴቶች መጡ። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። በር ላይ ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ጋቢዋን አደግድጋ ተቀምጣ ነዳች፤ ደረሰችም፤ እልል አለች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከተሞቹ የራሳቸው ስም ነበራቸው። መተሐራና ዓለም ጤና ቀሩ። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ለእኔ ብቻ ቤቱ ሳይፈርስ የፈረሰብኝ መሰለኝ። አንድ ዓመት የተማርኩትን የሙዝ ሻጯ በአንድ ቁጭታ አለፈችው።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሼ ከበሩ ተነሱ። ከወንበሩ ጀርባ መጥተው ቆሙ። ልነሳ ስል «አይ፣ ቁጭ በይ» ብለው ሌላ ዱካ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ጆይስቲኩን በግራ እጃቸው ይዘው ጉልበታቸው ላይ አመቻቹት። ለአዲሷ ካሚዮን አንድ አውራ ጣት ይበቃታል። ነዱ። ሜዳውን አለፉ፣ ዳገቱን ወጡ፣ የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ደረሱ። ያው ቁልቁለት ነው፤ አበባ ተክለውበት፣ ቀስት አጋድመውበት እንጂ። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ረገጠ። ቀኝ ትከሻቸው ደግሞ፣ ያ የማይታዘዘው እጅ የተንጠለጠለበት፣ ማርሽ ሊቀንስ ከፍ ብሎ ወረደ። መኪናዋ ግን ራሷ ወረደች። ሜዳው ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ አሞገሰቻቸው፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ጋሼ በሙሉ ጥርሳቸው ሳቁ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር።

እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መንዳት አይደለም። ሕፃንም ይወርደዋል።»

ሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኩት። ዛሬም ድረስ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ወይ ልጄን ሳስተኛ፣ ድንገት ሲመጣብኝ ፊቴ ይግላል።

ጋሼ ጆይስቲኩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «እውነትሽን ነው። ይቺ መኪና ሾፌር አትፈልግም» አሉኝ። ቀጥለውም «ግን እጄ፣ መሪ ከያዝኩ ስንት ዓመቴ መሰለሽ?» አሉ። ያዘኑት በእኔ ሳይሆን ለእኔ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጃቸውን አግኝተዋል፣ እኔ አላስፈልግም።

ዓርብ ዕለት ጋሼ ለጁምዓ ሲሄዱ ጌም ቤቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘጉታል። ቁልፉን የሚሰጡት ለእኔ ነበር፤ ወለሉን ውሃ እረጭላቸዋለሁ። ያን ቀንም ሰጡኝ። ወንድሜ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። ከቦርሳዬ የትምህርት ቤት ኮምፓሴን አወጣሁ። ቀይ መኪና የተሳለበትን የፕላስቲክ ቤት ከፈትኩ። ዲስኮቹ ሁለቱም ምንም ያልተጻፈባቸው፣ መንታ የሚመስሉ ብርማ ዲስኮች ናቸው፤ የምንለያቸው በቤታቸው ነው። አሮጌዋ በወረቀት ፖስታ፣ አዲሷ በፕላስቲክ። በኮምፓሱ ጫፍ ከመሀል እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመርኩባት። ጥርስን የሚያንገፈግፍ ትንሽ ድምፅ ነበረው። ከዚያ ደግሞ፣ ይታያችሁ፣ አማተብኩ። ቂም ይዞ ጸሎት ይሉት ይህን ነው።

ጋሼ ተመለሱ፣ ልጆቹ ገቡ፣ ማሽኑ በራ። ቀይዋ መኪና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደቡን ለቃ ሄደች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይቺ ጌም ገደል ብትገባ አትጎዳም፣ ብትጫርም አይገባትም ማለት ነው ብዬ ይባስ ተናደድኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ወንድሜን ላኩብኝ። ስሄድ ቤቱ ባዶ ነው፤ ወለሉ ገና እንደረጠበ ይሸታል። «ዛሬ ልጆቹ ሳይመጡ አሮጌዋን እንነዳለን። ያን ቁልቁለት ዛሬ እንወርደዋለን፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። የቀድሞ ቦታቸው፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ ሊቆሙ ተዘጋጅተዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያንን ቀይ መኪና ያለበትን የፕላስቲክ ቤት አነሱና ዲስኳን አወጡ።

«አዲሷ ማሽኑ ውስጥ ነው የምትውል የምታድረው» አሉ፤ እኔ ሳልጠይቃቸው። «ብትጠፋም ገበያው ሞልቷል። ይቺን ግን ከየት አመጣታለሁ? አቧራው እንዳይበላት ብዬ ጥሩውን ቤት ለእሷ ሰጠኋት።»

የጫርኳት አሮጌዋን ነበር። ዲስኳ ገባች። ወደቡ መጣ፤ እግዜር ይመስገን አልኩ። ጎማዎቹን ዞርኩ። «ቢስሚላሂ» አሉ፤ እኔ ማማተብ አቃተኝ። መተሐራን አለፍን፣ በዓለም ጤና ቀስ አልን፣ ሁሩታን በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች ሊያዘነብል ሲል፣ ምስሉ ቆመ። የሞተሩ ድምፅ አንዲት ቦታ ላይ ተሰንቅሮ ግር ግር ግር ይላል። አጥፍተን አበራን። እንደገና ከወደቡ ተነሳን። እዚያው አፋፍ ላይ ቆመች።

ጋሼ ዲስኳን አውጥተው ከጣሪያው የምትወርደው ብርሃን ላይ አዞሯት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ማሽን ሲጭር ዙሪያውን ነው» አሉ። «ይቺ ግን ቀጥ ያለች ናት።» ዓይናቸውን ከዲስኳ ላይ አላነሱም። ወደ እኔ ቢያዩኝ ኖሮ እናገር ነበር፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ ራሴን እሸነግላለሁ። ዲስኳን በጉልበቶቻቸው መሀል ይዘው፣ በግራ አውራ ጣታቸው የጥርስ ሳሙና እየቀቡ አሹዋት፤ ያኔ ለተጫረ ዲስክ የሚደረገው እሱ ነበር። መልሰን አስገባናት። ከወደቡ እስከ አፋፉ ወሰደችን፤ እዚያ ቆመች።

«ይሁን» አሉ ጋሼ። «ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይጫራል። እዚህ ድረስ አምጥተሽኛል፣ ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ አልመለስም ብዬ ቤት ዋልኩ። እሳቸው ግን በወንድሜ መላካቸውን አልተዉም፤ «እጄ የት አለች? ክላክስ የሚያደርግልኝ አጣሁ በላት» እያሉ። እውነትም አዲሷ ካሚዮን ውስጥ አንዲት ትርፍ ቁልፍ አለች፤ ክላክስ ናት፤ በስተቀኝ ጥግ ስላለች ግራ እጃቸው አትደርስባትም። በሳምንቱ ሄድኩ። ዱካቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጆይስቲኩን በሁለታችን ጉልበት መሀል አድርገን፣ እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ክላክስ አደርጋለሁ። ጋሪ የለም፤ ለሌለው ጋሪ ክላክስ አደርጋለሁ። ከተማ ስንገባ አንዴ፣ ስንደርስ አንዴ ረዘም አድርጌ። ጋሼ በየቁልቁለቱ ትከሻቸውን እያነቃነቁ ስለ እውነተኛው መንገድ ያወሩኝ ጀመር፤ ስለ አዋሽ ድልድይ፣ ስለ ዝናብ፣ አንዴ በጭቃ ተይዘው ያሳደሯቸው የመልካሳ ገበሬ ስላበሏቸው ቂጣ። ከጀርባዬ ቆመው ሳሉ ይህን ሁሉ አውርተውኝ አያውቁም። ያኔ ቁልቁለቱ ጊዜ አልሰጠንም ነበር።

ያችን ጌም እስከ መጨረሻው አልወደድኳትም። አሁንም አልወዳትም። ልጄ በስልክ የምትጫወተው ጌም ላይ ብቅ እያለች «እዚህ ንኪ» የምትል ትንሽ እጅ አለች፤ ሳያት ደሜ ይፈላል። ግን ከጋሼ ጎን ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ይህን አልክድም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጋሼ ቤቱን ዘግተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሁሉም ሰው ጌሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ጀምሮ ነበር። ለእረፍት ስመጣ ቆርቆሮው ተነስቶ ጎሚስታ ቤቱ ሰፍቷል። ማረፋቸውን የነገረን ጎሚስታው ነው፤ ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ እንዳልኩ ቀረሁ።

እና በቀደም፣ እጄ ማርሽ ባጣበት በዚያ አፋፍ ላይ መኪናዋን ዳር አቆምኳት። ከፊታችን የጋሼ ቁልቁለት ነው። ወንድሜ ሳቁን አቆመ።

«ጋሼ ትዝ አሉኝ» አልኩት።

ቁልቁለቱን እያየ «ያን ቀን አልተኛሁም ነበር እኮ» አለኝ። ጁምዓ ዕለት ማለቱ ነው። «ከጌም ቤት ያባርሩሻል ብዬ ፈራሁ። አሮጌዋ እምቢ ባለች ዕለት ማታ ሄጄ እኔ ነኝ የጫርኳት አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«"ዋሾ። እጄን እኔ አላውቃትም?" አሉኝ። ከዚያ ከረሜላ ሰጡኝ። "እንዳታስጨንቃት፤ እሷው ትነግረኛለች" አሉ።»

ያ ሁሉ ማታ ከጎኔ ተቀምጠው ሲነዱ፣ ሲያወሩኝ፣ ይጠብቁኝ ነበር።

ከመኪናዋ ወረድኩ። ነፋሱ ከታች ከዴራ በኩል አቧራ ይዞ ይመጣል። ወንድሜ ምን ልትሠራ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። መኪናዋን ዞርኩ፤ ጎማዎቿን አንድ በአንድ በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ «እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ። ድምፄን የሰማ ካለ ጎማው ነው።

ተመልሼ ገባሁ። አማተብኩ። ዘንጉን ጎተት አድርጌ ዝቅተኛው ላይ አስገባሁትና ፍሬን ሳልይዝ፣ ቀስ ብዬ፣ መታጠፊያውን አንድ በአንድ ወረድኩት። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ተናደው እየቀደሙን አለፉ። ወንድሜን ገልመጥ ሳደርገው ቀኝ እግሩ ወለሉን ረግጦ ይዟል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ከፊታችን ጋሪም ሰውም አልነበረም። ክላክሱን አንዴ ረዘም አድርጌ ነፋሁላቸው።